የወይንሸት ግራ ጫማ

ወይንሸት የለቀቀችው የፊት ለፊታችን ቤት ሰው ገባበት። አንድ ጎረምሳ ከሚስቱ ጋር ፍራሽ ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ በራችን ገርበብ ብሎ ስለነበር አየሁት። ፈገግ አለልኝ። እኔም አንገቴን ዝቅ አድርጌ ፈገግ አልኩለት፤ ከዚያ በላይ የምንግባባበት ቋንቋ የለንም። በማግስቱ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ በራቸው ሥር ጫማቸውን ደርድረውት አገኘሁ። ሁሉም ጥንድ ጥንዱን ነው። የሰው ጫማ ቆሞ ማየት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን የቆሻሻውን ፌስታል እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት። ወይንሸት መሄዷ በእርግጥ የገባኝ ያኔ ነው።

ስትሄድማ አልቅሰን ነው የተለያየነው። እሷ ነርስነቷን ጨረሰች፣ ባሏም ቴክሳስ ቋሚ ሥራ አገኘ፤ ዕቃቸውን ጭነው ሲወጡ እዚሁ ጆርጂያ፣ ስቶን ማውንቴን፣ የአፓርትመንታችን ፓርኪንግ ላይ ቆሜ እጄን እስኪደክመኝ አውለብልቤያለሁ። የሄደ ሰው ግን ባንዴ አይሄድም። አንዳንድ ጠዋት የሷ በር የተንኳኳ ይመስለኝና ጆሮዬን አቀናለሁ። አንዳንዴም መስኮት ላይ ሆኜ ከመኪና የሚወርደውን ሰው ሁሉ እግር እግሩን አያለሁ። ለምን እንደማየው አሁን እናገራለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ታላቅ ወንድሜ ቄሱ ዘንድ ሲማር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚጠይቅ ከራሴ አውጥቼ የምለው የለኝም። የማውቀው ልጅ እያሳደገች፣ እየሠራች፣ እየተማረች አጠገቤ የኖረችውን አንዲት ሴት ነው። ስለ እሷ ደግሞ ዝም ብል ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ያየኋት በመስኮት ነው። ብርድ ነበር፣ ዝናቡም ያካፋል። ልጄ ሂሩት ሥራ ሄዳ እኔ እንደ ልማዴ መስኮት ላይ ነኝ፤ በዚህ አገር አሮጊት ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው? አንዲት ቀጭን ልጅ መኪናዋን ፓርክ አደረገችና ወረደች። ቀኝ እግሯ ጥቁር ጫማ አድርጓል። ግራ እግሯ ካልሲ ብቻ ነው። በዚያ በካልሲዋ የዝናቡን ኩሬ ረግጣ፣ የኋላውን በር ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ አንድ ጫማ አወጣችና አደረገች። ከዚያ ሕፃን አወጣች።

“እመቤቴ! ይቺን ልጅ ምን ነካት?” አልኩ ለብቻዬ።

አንድ ቀን ቢሆን ረስታ ነው እል ነበር። በሌላም ቀን እንደዚያው ሆነች። ለሂሩት ብነግራት፣ “እማዬ፣ የሰው እግር ምን አገባሽ? ያማት ይሆናል” አለችኝ። እኔም እግሯን የሚያማት ናት ብዬ አዘንኩላት። የማላውቃትን ልጅ በጸሎቴ ውስጥ አስገብቼ “ያቺን ግራ እግሯን” እያልኩ እለምንላት ጀመር። ኋላ ስነግራት በሳቅ ፈነዳች።

የተዋወቅነው ደረጃው ላይ ነው። ሕፃኗን በአንድ ክንዷ፣ የገበያ ዕቃ በሌላው ይዛ ስትንገዳገድ ደረስኩና “ልጅቷን ስጪኝ” አልኳት። ሐበሻ መሆኔን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። ስሟ ወይንሸት፣ የልጅቷ ሶልያና፤ እኛ ሶሊ ነው የምንላት። ቤቷ አስገብታ ሻይ አፈላችልኝ። እኔም ሳልጠጣ ጠየቅኳት።

“የኔ ልጅ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ?”

“ይጠይቁኝ እማማ።”

“ግራ እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?”

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

“ደህና ነኝ እማማ። ጫማዬን መያዣ አስይዤው ነው።”

“የምን መያዣ?”

“የልጄ። ሶሊ መኪና ውስጥ ካለች ግራ ጫማዬ አጠገቧ ይቀመጣል። ለመንዳት ቀኝ እግር ይበቃል። ስደርስ ግን በባዶ እግሬ የትም መግባት አልችልም፤ የግድ የኋላውን በር እከፍታለሁ። በሩን ከከፈትኩ ልጄን አያታለሁ።”

“ጫማው ባይኖርስ? ልጅሽን መኪና ውስጥ ትተሽ ልትገቢ ነው?”

የሻይ ብርጭቆዋን አዟዟረችው።

“እዚህ አገር ይሆናል እማማ። በበጋ ይሆናል። ሕፃኑ ከኋላ ተኝቶ፣ እናት ወይ አባት ረስቶት ሥራ ይገባል፤ መኪናው ደግሞ በፀሐይ…”

እኔ ተቆጣሁ። እንግዳ መሆኔን ረስቼ ተቆጣሁ። “ምን ትያለሽ አንቺ! እናት ልጇን ትረሳለች? ላም እንኳ ጥጃዋን አትረሳም!”

“እናትማ አትረሳም” አለች ቀስ ብላ። “እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ነው የሚረሳው። እኔ ጭንቅላቴን አላምነውም እማማ። እግሬን ነው የማምነው።”

ቤቴ ገብቼ ስለ ነገሩ ሳስብ ዋልኩ። እኔም እኮ ነገር እንዳይጠፋኝ የነጠላዬን ጫፍ እቋጥራለሁ። እናቴም ትቋጥር ነበር። ቋጠሮው እጅሽን ሲነካሽ “አዎ፣ ጨው” ወይ “አዎ፣ ለቅሶ ቤት” ትያለሽ። ግን የምንቋጥረው ለጨውና ለለቅሶ ነው። ልጅ እንዳይረሳ የሚቋጠር ነጠላ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሷ ፍርሃት እኔ ላይ ተጋባ። የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር የኋላ ወንበሩን አጮልቄ ማየት ጀመርኩ። ሂሩት “ሌባ ናት ብለው ፖሊስ ይጠሩብሻል” ብላ ትቆጣኛለች።

ወይንሸት እንዲህ ነበር የምትኖረው። በሳምንቱ ውስጥ የትምህርት ቀን አላት፣ የሥራ ቀን አላት። በሥራ ቀን ዲኬተር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ሶሊን ይዛት ሄዳ እዚያው አካባቢ ዴይኬር፣ የሕፃናት ማዋያ፣ ታስገባታለች። በትምህርት ቀን ግን ሶሊ ከእኔ ጋር ናት፤ በሩን ተሻግራ ታቀብለኝና ብቻዋን ትነዳለች። ባሏ ደረጀ ትራክ ስለሚነዳ ብቅ ብሎ ይጠፋል። እንግዲህ በሥራ ቀን ልጅቷ መኪና ውስጥ አለች፣ በትምህርት ቀን የለችም። ይህን ያዙልኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያኗ እንደተመለሰች የሳምንቱን ነገር ትሰድራለች። ከበሩ ጀርባ ሚስማር መትታ ቦርሳዎች ትሰቅላለች፤ የማክሰኞው ውስጥ የማክሰኞ መጽሐፍና የላቦራቶሪ ልብስ፣ የረቡዑ ውስጥ የሥራ ዩኒፎርም፣ እንዲህ እያለች። ጠዋት ማሰብ የለም፤ ከሚስማሩ አውርዶ መሄድ ነው። “ጠዋት የማስብበት ጭንቅላት የለኝም እማማ፤ እሁድ አስቤ ጨርሻለሁ” ትለኝ ነበር። እጇ ላይ የፀጉር ላስቲክ ትደረድራለች። እያንዳንዱ ላስቲክ የዚያን ቀን አንድ ጉዳይ ነው፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ከግራ እጇ ወደ ቀኝ ታዛውረዋለች። የመኪናዋ ቁልፍ ደግሞ የሚያድረው ፍሪጅ ውስጥ፣ የምሳ ዕቃዋ ላይ ነው፤ ምሳዋን ሳትይዝ እንዳትወጣ።

ደረጀ ቤት በሆነ ቀን ሲያሾፍባት መስማት ደስ ይለኛል።

“እማማ፣ ይፍረዱኝ። የሰው መኪና ከጋራዥ ይወጣል፣ የእኛ ከጎመን ሥር!”

“አንተ ዝም በል። ባለፈው ቴነሲ ደርሰህ ‘ምሳዬን ረሳሁ’ ብለህ የደወልክልኝ ማን ነበር?”

“እሺ፣ ላስቲኩስ? እጅሽ ላይ ሱቅ ከፈትሽ እኮ!”

“ሥራ ካገዝከኝ እዘጋዋለሁ።”

ደረጀ ይስቅና ተነስቶ ዕቃ ያጥባል። ጥሩ ሰው ነው፣ አልዋሽም።

ሶሊን ምግብ ስታጎርሳት እንኳ ታጠናለች። የልጅቷን ክንድ ያዝ አድርጋ የአጥንቱን ስም በእንግሊዝኛ ትጠራለች፣ ጉልበቷን ይዛ ትጠራለች፣ ሶሊ እየተንከተከተች ትስቃለች። እኔም አንዱን ያዝኩት፤ ክንዴን ሲያመኝ “ሂውመረሴን አመመኝ” እላለሁ። ሂሩት እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ሰው ሁሉ “ወይንሸት ጎበዝ ናት፣ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት” ይላል። እውነት ነው። ግን እኔ ቅርብ ነበርኩና ያ ሥርዓት ከምን እንደተሠራ አይቻለሁ። ከፍርሃት ነው የተሠራው። አንድ ቀን ሶሊን ከእጄ ልትቀበለኝ መጥታ በር ላይ ቆማ እያወራችኝ፣ ዓይኗ ክፍት እንደሆነ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ንግግሯ መሃል ላይ ተቆረጠ። “ወይኒ” ስላት ደነገጠችና መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፣ ልጇንም አይደለም። ግራ እግሯን ነው።

እንግዲህ ያቺን ቀን ላምጣት።

ወሩ ግንቦት ነበር፤ የጆርጂያ ሙቀት በጠዋት የሚነሳበት ጊዜ። የልጄ የዳዊት ሚስት ሜሮን ሊቶኒያ አዲሱ ቤታቸው ወልዳ እኔ አራስ ልጠብቅ ሄጄ ነበር። ለወይንሸት ደግሞ የመጨረሻ ፈተናዋ ደረሰባት፤ በወረቀት የሚፈተኑት ሳይሆን እየሠሩ የሚያሳዩት። በትምህርት ቀን ሶሊን የምይዘው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ የለሁም።

“አይጨነቁ እማማ” አለችኝ በስልክ። “ሊቶኒያ ድረስ አመጣልዎታለሁ። ጥያት ወደ ፈተናዬ እመለሳለሁ።”

ሊቶኒያ በአንድ አቅጣጫ ነው፣ ትምህርት ቤቷ በሌላ። ቢሆንም ቀደም ብላ ከተነሳች ትደርሳለች።

በዚያን ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። “መኪና ውስጥ ነን እማማ። ሶሊ ተኝታለች። መጣን።”

“በሉ ኑ፣ እጠብቃለሁ።”

ከቤታችን ሊቶኒያ ድረስ ገንፎ ተገንፍቶ እስኪበላ ያህል ነው። እኔም ለሜሮን ገንፎዋን አገነፋሁ። በላች። ሳህኑን አጠብኩ። ለሶሊ ምንጣፍ አነጠፍኩላት። ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

አልመጡም።

መጀመሪያ ትራፊክ ነው አልኩ። እዚህ አገር ለሁሉም ነገር ትራፊክ ይባላል። ትንሽ ቆይቼ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በሦስተኛው ሳይጠራ ያቺ የስልኩ ፈረንጅ ሴትዮ መናገር ጀመረች። ሴትዮዋን ጠላኋት።

ሜሮን ያደገችው እዚህ ስለሆነ እኔን “አንቺ” ነው የምትለኝ፤ ለምጄዋለሁ፣ በፍቅር ነው። “እማማ፣ ላይክ፣ ሪላክስ አድርጊ። ትራፊክ ነው” አለችኝ ከአልጋዋ ላይ ሆና። “ወይም ፈተናዋ ደርሶባት ስልኳን ዘግታ ገብታ ይሆናል።”

“ፈተናዋ ከደረሰ፣ ልጅቷን የት አድርጋ ገባች?”

ሜሮን ሕፃኑን እንዳቀፈች ቀና አለች።

ግጭት ነው ብዬ አሰብኩ። ሃይዌዩ ላይ ተጋጭተው፣ መኪናው ተገልብጦ፣ ሲሪኑ እየጮኸ ታየኝ። ነጠላዬን ጨበጥኩ። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። ጠዋት የቋጠርኩት ነው። ለምን ነበር የቋጠርኩት? ለቅቤው ነው? ለሕፃኑ መድኃኒት? ቆሜ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም። ቋጠሮው በእጄ ላይ አለ፤ የተቋጠረለት ነገር ግን ከራሴ ጠፍቷል። እኔ ደግሞ እንቅልፌን ጠግቤ ያደርኩ ሰው ነኝ።

ያኔ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። ዛሬ የትምህርት ቀን ነው። በትምህርት ቀን ሶሊ መኪና ውስጥ የለችም። የወይንሸት እጅ፣ የወይንሸት ዓይን፣ የወይንሸት መኪና የሚያውቁት ይህንን ነው።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ያኔ ግጭት በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ወደ ውጭ ወጣሁ። የጎረቤቱ መኪና ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሄጄ መዳፌን ጣራው ላይ አሳረፍኩ። ወዲያው አነሳሁት። ምጣድ ነው። ገና ጠዋት ነው እኮ! መስታወቱን አየሁ፣ ውስጡን አየሁ፤ ባዶ ወንበር ነው።

ተመልሼ ገባሁና “ፖሊስ ጥሪ” አልኳት ሜሮንን።

“እማማ…”

“ልጅቷ መኪና ውስጥ ናት። ትምህርት ቤቷ ያለው መኪና ውስጥ። ጥሪ!”

“እማማ፣ ብትሳሳቺስ? ፖሊስ ከመጣ ልጇን ይወስዱባታል። እሷንም ያስሯታል። ነርስነቱም ቀረ በያው። የሠራችው ሁሉ…”

ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ያቺ ልጅ ለዚያ ትምህርት ምን እንደከፈለች ከእኔ በላይ ያየ የለም። ወይንሸትን በገዛ እጄ ልቀብራት እንደሆነ ተሰማኝ። ሜሮን ታየኛለች፣ እኔ ስልኩን አያለሁ፣ አራሱ ሕፃን በመሃላችን እጁን ያወራጫል።

“ሶሊ ትኑር እንጂ ይውሰዷት” አልኩ። “ቆማ ትሂድ እንጂ ማንም ይውሰዳት። ጥሪ ልጄ!”

ሜሮን ስልኩን አነሳች። ጣቷ ቁጥሩ ላይ ሳለ የእኔ ስልክ ጮኸ።

አነሳሁት። ሰው አይናገርም። የሚሰማኝ ለቅሶ ነው፤ የሕፃን ለቅሶ፣ ጉሮሮ የሚሰነጥቅ፣ የተቆጣ፣ ጤነኛ ለቅሶ። የሶሊ ነው። ከመቶ ሕፃን ለቅሶ እለየዋለሁ። ልጅ ሲያለቅስ ሰምቼ እልል ያልኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ሜሮንም ስልኳን ጥላ ታለቅሳለች።

“ወይኒ! ወይኒ! ተናገሪ!”

“አለች” አለችኝ። “አለች። አለች።”

“ሐኪም ቤት ውሰጃት። አሁኑኑ። እኔን ተይኝ።”

ሊቶኒያ የደረሱት ሐኪም ካያት በኋላ ነው። ውሃ ጠምቷት፣ ሰውነቷ ግሎ፣ በላብ ተነክራ ነበር፤ ሌላ ጉዳት የለባትም ብለው ለቀዋታል። በሩን ስከፍት ወይንሸት ሶሊን በአንድ ክንዷ፣ ጥቁር ግራ ጫማዋን በሌላው ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። እግሯ ላይ ያለው አዲስ ነጭ ጫማ ነው፤ የአንዱ ክር ታስሯል፣ የሌላው መሬት ይጎተታል። “ግቢ” ብላት ሁለት እርምጃ እንኳ አልሄደችም፤ በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሶሊን ልቀበላት እጄን ብዘረጋ አልሰጥም አለችኝ። እኔም አጠገቧ መሬት ተቀመጥኩ።

“መንገዱ ራሱ ወሰደኝ እማማ” አለች። “መብራቱ ጋ ስደርስ እጄ መሪውን ወደ ትምህርት ቤት አዞረው። የፈተናውን ነገር በአፌ እየደገምኩ ነበር፤ የስልኬንም ድምፅ አጥፍቼዋለሁ። ሶሊ ተኝታለች፣ ድምፅ የለም። መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምኩ፤ ስደርስ ረፍዷል። ለፈተናው ነጭ ጫማ ግዴታ ነው፤ እሁድ ዕለት ነው በፌስታል አድርጌ ከፊት ወንበር ያስቀመጥኩት። ጥቁሩን አወለቅኩ፣ ነጩን አደረግኩ፣ ስልኬን ዘጋሁ፣ ሮጥኩ።”

“መያዣውስ?”

“መያዣው ኋላ ነው። እግሬ ሌላ ጫማ አገኘ። እኔው ነኝ ያዘጋጀሁለት።”

ሶሊ በእጇ የእናቷን አፍንጫ ትይዛለች። ወይንሸት አትሰማትም።

“ታዲያ ምን አስታወሰሽ?”

“ተራዬን እየጠበቅኩ የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ አልኩ። ቀኙን አሰርኩ። ግራውን ስይዝ እጄ እንቢ አለኝ። አንድ ነገር ልክ አይደለም። ጥቁር ጫማ ያወለቅኩት አንድ ብቻ ነው እማማ። ከቀኝ እግሬ። ግራ እግሬ ምንም አላወለቀም። ‘ግራ ጫማዬ የት ነው?’ አልኩ በልቤ። ከዚያ የጮኽኩ ይመስለኛል። አስተማሪዋ ስትጠራኝ ይሰማኛል፣ እኔ ደረጃው ላይ ነኝ።”

“ፀሐዩስ?”

“ስለረፈደብኝ ቅርብ ቦታ አላገኘሁም። ከሩቅ፣ ጥዶቹ ሥር ነው ያቆምኩት። በጊዜ ብደርስ ኖሮ…” በጊዜ ብትደርስ ኖሮ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ፀሐዩ ላይ ነበር የምታቆመው።

እኔ ሆዴ ውስጥ ያለውን ማቆየት አልቻልኩም። “ወይኒ፣ ፖሊስ ልጠራብሽ ነበር። ሜሮን ቁጥሩን ነክታ ነበር” አልኳት። ትጠላኛለች ብዬ ፈራሁ።

ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።

“ለምን ዘገዩ?” አለችኝ።

ይህን ነው የማልረሳው። ቁጣ የለበትም፤ በዚያ በደከመ ድምጿ፣ የምር ጠየቀችኝ። ለምን ዘገዩ?

ፈተናው ቀረባት። ያንን ትምህርት እንደገና ከመጀመሪያ ወሰደችው፤ ከጓደኞቿ ኋላ ቀረች። ለደረጀ የዚያኑ ቀን በስልክ ነገረችው። ከመንገድ ዳር አቁሞ እንዳለቀሰ በኋላ እሱ ራሱ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ “ከጎመን ሥር” ብሎ ቀልዶ አያውቅም፤ የራሱንም ቁልፍ ምሳው ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። በሥርዓቷም ላይ አንድ ሕግ ጨመረች። ትርፍ ጫማ ከፊት ወንበር አይቀመጥም፤ ትርፍ ጫማ ካለ እሱም ከልጅቷ ጋር ከኋላ ነው።

እኔ ነገሩ በዚህ ያልፋል ብዬ ነበር። እሷ ግን አላሳለፈችውም።

“እማማ፣ እሁድ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ? ሶሊን የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ” አለችኝ አንድ ቀን። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ጉባኤያቸው ገብቼ አላውቅም። ግን ፊቷን ሳየው እንቢ ማለት አልቻልኩም።

እነሱ ዘንድ ሰው ፊት ቆሞ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል፤ ምስክርነት ይሉታል። አንዱ የመኖሪያ ወረቀቱ ስለመጣለት አመሰገነ። ሌላዋ ቤት ስለገዛች አመሰገነች። እልልታው ቤቱን ሞላው። ከዚያ ወይንሸት ወጣች። ከቦርሳዋ ጥቁሩን ግራ ጫማ አወጣችና ከፍ አድርጋ ያዘችው። አንዳንዱ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት።

“እኔ ልጄን መኪና ውስጥ ረስቼ ገብቼ ነበር” አለች።

ሳቁ ተቆረጠ። እኔ ሶሊን ጥብቅ አድርጌ አቀፍኳት፤ አሁን አንዱ ተነስቶ ሊነጥቀኝ ይመስል። ከጉባኤው አንድ ሰው ስልክ ቢያነሳ፣ አንድ ሰው “ይቺ ሴት” ብሎ ለመንግሥት ቢናገር፣ ያመለጠችው ሁሉ ተመልሶ ሊይዛት ነው። ከኋላዬ አንዲት ሴት “ምን ዓይነት እናት ናት?” ብላ ስትንሾካሾክ ሰማኋት። ዞሬ አየኋት። ጥሩ ሴት ትመስላለች። እኔም በዚያ በሻዩ ቀን ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ወይንሸት ሁሉንም ነገረቻቸው። መብራቱን፣ ነጩን ጫማ፣ ክሩን፣ ጥዶቹን። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ “ምን ዓይነት እናት ናት የምትሉ አላችሁ። እንደናንተ ዓይነት ናት። እዚህ ቤት ሁለት ሺፍት የማይሠራ፣ ሠርቶ የማይማር ማን አለ? ልጃችሁን ውደዱ። ጭንቅላታችሁን ግን አትመኑት።” ብላ ጫማዋን ይዛ ወረደች። እልልታ አልነበረም። “አሜን” ያለም አልሰማሁም። በመኪና ተመለስን። እኔ ከኋላ ከሶሊ ጋር ነበርኩ፤ ጫማው በመካከላችን።

“አስቀየምኳቸው እማማ?”

“አስፈራሻቸው” አልኳት። “ይሻላል።”

ከጥቂት እሁዶች በኋላ ደግሞ ይዛኝ ሄደች። ቀድመን ደርሰን እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ ሶሊን አቅፌ ቆሜ ነበር። አንድ መኪና መጣ። አንዲት እናት ወረደች፤ በአንድ እግሯ እንደቆመች በመኪናው ተደግፋ የኋላውን በር ከፈተች። ሌላ መኪና መጣ። ከዚያም እናት ወረደች፣ ካልሲዋ አበባ አበባ ያለበት ነው። ከወዲያ አንድ ጎልማሳ አባት፣ ሱፍ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሮ፣ በግራ ካልሲው አስፋልቱን እየቆነጠጠ ዞረ። ያቺ ከኋላዬ የተንሾካሾከችውም መጣች። እሷም ጎንበስ ብላ መጀመሪያ ጫማዋን፣ ከዚያ ልጇን አወጣች። እኔን ስታይ አንገቷን ደፋች። ወይንሸትን ፈልጌ ዞር ስል መኪናዋን ተደግፋ አፏን በእጇ ይዛ ታያቸዋለች።

አሁን ቴክሳስ ናት። ሶሊ አድጋ የመኪና ወንበሯን ቀበቶ ራሷ ትፈታለች አሉ። ባለፈው ስትደውልልኝ፣ “እስከ አሁን ጫማሽን ታወልቂያለሽ ወይ?” አልኳት።

“አወልቃለሁ እማማ። ስደርስ ሶሊ ራሷ ‘እማዬ፣ ጫማሽ’ ብላ ታቀብለኛለች።”

ሜሮን ደግሞ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታለች። ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጄን እኔ ዘንድ አምጥታ ትታው ወደ ክላሷ ትሮጣለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ሲያወሯት ትረሳለች፣ ቁልፏን ይዛ ቁልፏን ትፈልጋለች። እኔ የምትመጣበት ሰዓት ሳይደርስ መስኮት ላይ ነኝ። መኪናዋ ሲገባ፣ ፓርክ ስታደርግ፣ በሯ ሲከፈት፣ የማየው ፊቷን አይደለም። እጄ ነጠላዬን ጨብጦ ግራ እግሯን እጠብቃለሁ። ካልሲዋ አስፋልቱን ሲነካ ነው ትንፋሼን የምለቀው።